ትራሱ የማን ነው?

አስተማሪ ነኝ፤ ምሳሌ እወዳለሁ። ውጫሌ ውስጥ አምስት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር አንድም ቃል ያለ ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም። ልጆቹ ሲያስቸግሩኝ ራሳቸውን ምሳሌ አደርጋቸው ነበር፤ «ሰነፍ ማለት ለምሳሌ እንደ አንተ» እያልኩ። አሁን ተራው የእኔ ነው።

ስሜ ሙሉዓለም ነው። ፓስፖርቴ ላይ ግን ሳሊማ ይላል። ደሴ የነበረው ደላላ፣ ሰይድ የሚሉት፣ «በክርስቲያን ስም ቪዛው አይወጣም፤ ሳሊማ ልበልሽና ነገ ትበሪያለሽ» ሲለኝ ስም ምን አላት ብዬ እሺ አልኩት። ያን ጊዜ እንደ እኔ ያደረገ ብዙ ነው። ወደ ጅዳ የሚሄደው አውሮፕላን በሴት ብቻ እየሞላ ይነሣ ነበር፤ ወረፋ ላይ ስማችን ሲጠራ ግማሾቻችን የተጠራነው እኛ መሆናችን ትዝ የሚለን ጎናችን ያለችው ስትጎሽመን ነው።

እናቴ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝን ማተብ ቦሌ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በጥርሴ በጠስኩት። መጣሉን ግን አልቻልኩም። እምነት የምንለውን፣ ከገዳም የመጣውን አፈር እናቴ በእራፊ ቋጥራ ሰጥታኝ ነበር፤ ማተቡን እላዩ ላይ ጠቀለልኩትና ይዤው ሄድኩ። ጅዳ እንደገባሁ ትራሴን ተርትሬ ከጥጡ መሀል ሰፋሁት።

የገባሁበት ቤት ከፊል፣ ማለት ቪዛውን ያወጣልኝ አሠሪ፣ አብዱረሺድ ይባላል፤ ባባ እንለዋለን። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። ፈሪ ነበረች እንጂ። ጎረቤት ሞግዚት ጠፋች ሲባል በሩን ሁለት ጊዜ ትቆልፋለች፤ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ድግምት ሲወራ ጸጉሯን ከማበጠሪያው ለቅማ ታቃጥላለች። በዚያ ዓመት ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ራሷን አሟት ሐኪሙ ሁሉ ምንም የለብሽም እያለ መልሷት ነበር። የምታሳብብበት ነገር ሳይኖራት ታማ የኖረች ሴት ከምን እንደማትጣላ አታውቁም።

ወጥ ቤቱ የነጅማ ነበር። ነጅማ የወሎዋ ደጋን ልጅ ናት፤ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ ነው የመጣችው። የምንተኛው አብረን፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ነው። በሦስተኛው ቀን ስሰግድ አየችኝና በሩን ዘጋች።

«አንቺ ሴት፣ ይሄ ሶላት ነው ስፖርት?» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ቀንሳ «እውነተኛ ስምሽ ማን ነው?» አለች።

ነግሬያት አለቀስኩ።

«ወላሂ አታልቅሺ። የወሎ ልጅ አይደለሽም እንዴ? የእኔም አክስት ክርስቲያን አግብታ ነው የምትኖረው። ነይ፣ እጅሽን እንዲህ አድርጊ።»

አስተጣጠቡን፣ መቆሙን፣ መጎንበሱን እሷ ነች ያስተማረችኝ። እንዲህ ያለ አስተማሪ ኮሌጅም አልገጠመኝም። ብቻችንን ስንሆን እንኳ ሳሊማ እንጂ ሙሉዓለም ብላ ጠርታኝ አታውቅም። «ምላስ የለመደውን ነው የሚያወጣው፤ አንድ ቀን ማዳም ፊት ቢያመልጠኝስ?» ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተጠንቅቃ ያዘችኝ።

እሷ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካዕባን ማየት። አባቷ እርሻ ውሎ ሲመጣ ወደ ቂብላው እየጠቆመ «እዚያ ነው፣ ከነዚያ ተራሮች ማዶ» ይላት ነበር አሉ። ሳያየው ሞተ። እሷ ደግሞ አራት ዓመት ከመካ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ስትቀቅል ኖረች። ቤተሰቡ ለዑምራ በሄደ ቁጥር «ቤት ማን ይጠብቃል?» እየተባለች ቀርታለች። በ2004 ዓ.ም. ረመዳን ግን መካ መንሱር ሰፈር ያሉት የባባ እናት ሠራተኛቸው ጥላቸው ሄደችና የመጨረሻውን ዐሥር ቀን ሁላችንም እዚያ እንድናሳልፍ ተወሰነ። ነጅማ ያን ቀን ማሰሮውን ሳታጥብ አድራለች፤ በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

ጁማና የቤቱ ልጅ ናት፤ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። የሻምፖ ጠርሙስ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ሳነብ ያዘችኝና ከዚያ ወዲህ ያለ ደመወዝ አስተማሪዋ ሆንኩ። ውጭ አገር ለመማር ልትፈተን ነው፤ በቀን አምስት ቃል እናጠናለን። የምናጠናው እኔ ክፍል፣ ወለሉ ላይ ነው። እሷ ሁልጊዜ ትራሴን ስባ ትቀመጥበታለች። ሰማያዊ አበባ ያለበት ጨርቅ ነው፤ አንዱ ጥግ በካውያ የተቃጠለ። በተቀመጠችበት ቁጥር ከሥሯ ያለውን እያሰብኩ ላብ ያጠምቀኛል። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የሚባለው ለእኔ ነው።

ወደ መካ ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን አራተኛው ቃል «ክሬቨን» ሆነ።

«ይሄ ጀባን ማለት ነው አይደል፣ ሳሊማ? ፈሪ?»

«ፈሪማ ሁሉም ሰው ነው» አልኳት። እንዲህ ስጠየቅ ሰሌዳ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል፤ ቀሚሴ ላይ ያለውን በረኪና እረሳለሁ። «ውሻ ሲያባርርሽ ትፈሪያለሽ፤ ማንም አይፈርድብሽም። መቆም ሲገባው የሚሸሽ ደግሞ ካዋርድ ይባላል። ክሬቨን ከሁለቱም ይብሳል። ፍርሃቱ የሚያስንቀው ሰው ነው፤ እሱ ይትረፍ እንጂ ማንም ይሙት ግድ የለውም።»

ኮሌጅ ያስተማረን መምህር የነገረንን ጨመርኩላት። በድሮ ጊዜ እንግሊዞች ዘንድ ተከሳሽና ከሳሽ በዱላ ተደባድበው ፍርድ የሚያገኙበት ሥርዓት ነበር አሉ። ዱላው የበዛበት ያንን ቃል ጮሆ ከተናገረ ሕይወቱ ይተርፋል። ይተርፋል፣ ግን ከዚያ በኋላ በማንም ጉዳይ ምስክር ሆኖ መቆም አይፈቀድለትም።

«ይሄ ብቻ?» አለች ጁማና። «ምስክር አለመሆን ምን ቅጣት ነው? ተገላገለ።»

እውነት ለመናገር እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው።

ምሳሌ ጻፊበት ስላት እርሳሷን ነክሳ «ስለ ራሴ ልጻፍ?» አለች።

«አይሆንም። ይህን ቃል ሰው ስለ ራሱ አይጠቀምበትም፤ ስለ ሌላ ሰው ነው የሚባለው።»

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ አስተማሪ ሲጨንቀው ሕግ ይፈጥራል። ጁማና ምሳሌው አልመጣልኝም ብላ መስመሩን ባዶ ተወችው፤ አምስተኛው ቃል ላይ ሳንደርስ ደብተሩን ዘጋን።

ነሐሴ ሁለት ቀን ጠዋት ተነሣን። ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ነው፤ ሁለት ጾም በአንድ ሆድ ይዤ ነበር። ነጅማ ገላዋን ታጥባ፣ ዑምራዋን በልቧ ነይታ ኢሕራም ገባች። ዑምራው እስኪፈጸም ድረስ ጥፍር አይቆረጥም፣ ሽቶ አይነካም፣ ከሰው ጋር ክርክርና ጭቅጭቅ የለም።

«ከአሁን ጀምሮ ብትሰድቢኝም አልመልስልሽም» አለችኝ እየሳቀች። «ዛሬ እንደፈለግሽ አድርጊኝ።»

እኔም ማዳም ፊት ከንፈሬን አንቀሳቅሼ ተሳፈርኩ። ብቀርስ ምን እላለሁ? አሞኛል ብል ሐኪም ቤት ይወስዱኛል፤ አልሄድም ብል ለምን ይሉኛል። ትራሴን አቅፌ ነበር። ትቼው ልምጣ ብዬ ሁለት ጊዜ አውርጄው ሁለት ጊዜ መልሼ አነሣሁት፤ እዚያ ከተማ ያለ እሱ መግባቱን ፈራሁ። የእኔ ፍርሃት እንዲህ ነው፣ አንዱን ስሸሽ ሌላው ላይ እወድቃለሁ።

ከመንገዱ በላይ «ለሙስሊሞች ብቻ» የሚለው ትልቅ ሰሌዳ ብቅ አለ። ፊት ለፊት ኬላው ይታያል፤ ወታደሮች መኪና ያስቆማሉ። ነጅማ ሌሊቱን በደስታ ስላልተኛች ጎኔ አንገቷ ተጣሞ እንቅልፍ ወስዷታል። ትራሴን ቀስ አድርጌ ከጭንቅላቷ ሥር አስገባሁላት። አንገቷን እንዳያማት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በእንቅልፍ ልቧ አቀፈችው። ጁማና ከፊት ወንበር ዞራ እያየችን ነበር፤ ፈገግ አለችልኝ፤ ደግ ሰው መሰልኳት።

ወታደሩ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ ኢቃማውን፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ያላ» ብሎ አሳለፈን። ማንንም አልፈተሸም። ትራሴን ግን አልተቀበልኳትም። ስንደርስ እወስደዋለሁ አልኩ።

የባባ እናት፣ ትልቋ ማዳም፣ በተሽከርካሪ ወንበራቸው በር ላይ ተቀምጠው የሚገባውን ዕቃ ሁሉ በእጃቸው እየዳሰሱ ነበር የሚያስገቡት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣታቸው ግን ንቁ ነው። ነጅማ ገና ከእንቅልፏ እንደነቃች ትራሱን ታቅፋ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ልትስም ስትል ትራሱን ያዙባት። ጨመቅ አደረጉት። እንደገና ጨመቁት።

«መቀስ አምጡልኝ።»

ጥጡ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ቋጠሮዋ ወደቀች። ጥቁሩን ክር ሲጎትቱት እራፊው ተፈታና የእናቴ አፈር ነጩ እብነ በረድ ላይ ተበተነ።

«ሲሕር!» አሉ ትልቋ ማዳም።

ድግምት ማለታቸው ነው። ማዳም ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ሦስት ወር ሙሉ ያሠቃያት ነገር ይኸው ስም አገኘ፤ ስታለቅስ እንኳ የተገላገለች ትመስል ነበር።

«ትራሱ የማን ነው?» አለ ባባ።

የእኔ ነው ማለት ዐረብኛውም አማርኛውም አጭር ነው። ግን ያ ክር ምንድን ነው ይሉኛል። ማተብ ነው። ማተብ ማን ያስራል? ክርስቲያን። ፓስፖርቱ ላይ ሳሊማ የሚለው ታዲያ ምንድን ነው? መካ መሀል ቆመሽ ምን ታደርጊያለሽ? ምን እንደሚያደርጉኝ ዛሬም አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን በደንብ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ነጅማ ወደ እኔ ዞራ አላየችም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አንዴ እንኳ አላየችኝም።

«ኢሕራም ላይ ነኝ» አለች ቀስ ብላ በዐረብኛ። «አልከራከርም። አላህ ያያል።»

ባባ ወደ እኔ ዞረ። «ሳሊማ፣ አብረሻት የምትተኚው አንቺ ነሽ። ትራሱ የእሷ ነው?»

«ስትተኛበት አይቻለሁ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ከጅዳ እስከ መካ ተኝታበታለች። ልክ የሆነ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተማሪ ቢጽፈው ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር። ጁማና ደረጃው ላይ ቦርሳዋን ይዛ ቆማ ነበር። የተቃጠለውን ጥግ ታየዋለች። ባየችው መጠን ፊቷ እየነጣ ሄደ፤ እሷም ምንም አላለች።

ነጅማን ዕቃ ቤት ቆለፉባት። ባባ ፖሊስ ሊጠራ ሲል ትልቋ ማዳም በተከበረው ወር ክስ አልፈልግም፣ ኸላስ፣ ወደ አገሯ ትሂድልኝ አሉ። ሹፌሩ ሰዒድ ጅዳ ተርሂል፣ ማለት ወደ አገራቸው የሚመለሱት የሚታጎሩበት፣ እንዲያደርሳት ተወሰነ። እሱ ነዳጅ ሊቀዳ ሲወጣ ወደ ዕቃ ቤቱ በር ሄድኩ። ምን ልላት እንደሄድኩ አላውቅም፤ እሷ ቀደመችኝ።

«ሙሉዬ?» አለች።

በሁለት ዓመት ውስጥ በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ላይ ግንባሬን አስደግፌ አለቀስኩ።

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል። ስሚኝ፣ እኔን ቢበዛ አገሬ ነው የሚሰዱኝ። አንቺን እዚህ አገር ምን እንደሚሉሽ አላህ ነው የሚያውቀው። ዝም በይ።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ዝም በይ ስላለችኝ ነው ብያለሁ መሰላችሁ። ዝም በይ ያለችኝ ግን ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«እንግዲህ ከዐስር ሶላት በኋላ ትልቋን ወደ ካዕባ የምትገፊው አንቺ ነሽ አይደል?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ምን እንደሚመስል አይተሽ ንገሪኝ። ቴሌቪዥን ላይ የማየው ትልቅ ነው፤ ሰዎች ግን ሲያዩት ከሁሉ ነገር የሚቀርብ ነው ይላሉ። እንዲያው እንዴት እንደሆነ አይተሽ ንገሪኝ።»

ሰዒድ ሲወስዳት ያው የኢሕራም ልብሷን እንደለበሰች ነበር። ያላለቀ ዑምራ ይዛ ሄደች።

እኔ ሄድኩ። የእሷን ቦታ ይዤ፣ የእሷን ሥራ ተቀብዬ፣ ተሽከርካሪውን እየገፋሁ ገባሁ። ሰባት ጊዜ ዞርን። ሕዝቡ ያለቅሳል፤ ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃሉ፤ ትልቋ ማዳም እጃቸውን ዘርግተው ሲለምኑ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ዓይኔን ከጎማው አላነሣሁም። እብነ በረዱን፣ የሰውን ተረከዝና የወንበሩን የብረት መርገጫ ነው ያየሁት። የእኔ ስላልሆነ ነው፣ ስላከበርኩት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እሱም አለበት። ግን ቀና ካልኩ ነጅማ የጠየቀችኝን አየዋለሁ፤ ካየሁት ደግሞ ልነግራት እሷ ፊት መቆም ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ያንንም አላየሁላትም።

ማዳም ያን ቀን ጾሟን ካፈጠረች በኋላ ራሴን ተወኝ አለች። እውነትም ተዋት። እኔን አቅፋ «አንቺ ታማኝ ነሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ጁማና ደብተሯን ይዛ እዚያ ወደ ተሰጠኝ ክፍል መጣች። የምትቀመጥበት ትራስ አልነበረም፤ ባዶ ወለል ላይ ተቀመጥን። ደብተሩን አቀበለችኝና ቀይ እስክሪብቶውን ከላዩ አደረገች። አራተኛው መስመር ተሞልቷል። በእንግሊዝኛ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ትራሱ የማን እንደሆነ እያወቅን ነጅማ እንድትወሰድ አደረግን፤ እኔና ሳሊማ ክሬቨን ነን።

ስህተት ባገኝበት ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊደሉን አየሁ፤ ልክ ነው። ግሡን አየሁ፤ ልክ ነው። ነጠላ ሰረዟ እንኳ በቦታዋ ናት።

«ስለ ራስ አይባልም ብለሽኝ ነበር» አለች። «ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም» አልኳት። «ይባላል።»

ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ ራይት አደረግሁበት።

ጁማና ወደ በሩ አየችና ተጠጋችኝ። «ባባ ስልክ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። እስከ ዒድ ድረስ አይሰዷትም፤ ተርሂል ውስጥ ናት። እሱ ልቀቋት ካለ ያወጧታል። ዘጠኝ ቀን አለ፣ ሳሊማ። ብቻዬን ብናገር ሕፃን ነሽ ይሉኛል። አብረን ከሆነ ግን አሁን ሄደን እንነግረዋለን። ሳሎን ነው ያለው፤ ቁርአን እየቀራ ነው።»

ድምፁ በኮሪደሩ በኩል ይሰማ ነበር። በሩ ተከፍቷል። ከዚያ ወለል ተነሥቶ ሳሎን ለመድረስ ዐሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም፤ ጠዋት ስለወለወልኩት አውቀዋለሁ። ልጅቷ ተነሥታ ቆማለች። እጇን ዘርግታልኛለች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አገሬ። ይነቅዛል፤ እኔ ውስጥ ዓመታት ሲነቅዝ ኖሯል።

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩና ገጹን ገለበጥኩ።

«ተቀመጪ» አልኳት። «አምስተኛው ቃል ምንድን ነው? አንብቢልኝ።»

እጇን ቀስ ብላ አወረደች። ተቀመጠች። አነበበችልኝ።